ከማይክሮኮንትሮለር ወደ ኮምፒውተር፦ የሲሪያል መረጃ አቀባበል በኮምቦልቻና በደሴ

የሲሪያል መረጃ አቀባበል ማለት ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) በአንድ ሽቦ ላይ ቢት በቢት እያስከተለ የሚልከውን መረጃ በኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ተቀብሎ፣ ለይቶና ተርጉሞ ለሥራ የሚያበቃበት አሠራር ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሁለቱ ከተሞች ባሉት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ሴንሰርን ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት የፈለገ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው መንገድ ይህ ነው። ብሉቱዝና ዋይፋይ ከመጡ በኋላም ቦታውን አልለቀቀም። ገመዱ ርካሽ ነው፤ ስህተቱም በዓይን ሊታይና በእጅ ሊዳሰስ ይችላል።

ጉዳዩን በአማርኛ ሰብስቦ የያዘ ጽሑፍ በቀላሉ ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ከላቦራቶሪ ማስታወሻዎች፣ ከቺፕ አምራቾች መግለጫዎችና አዘጋጁ ኮምቦልቻ ውስጥ በእጁ ከሠራቸው ሥራዎች ነው። የዩኤስቢው ዘመን በሰፊው የተዘረዘረው፣ ከዚያ በፊት ያለው ደግሞ በአጭሩ የታለፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ስያሜው

በክፍል ውስጥ የሚነገረው ቃል «ሲሪያል» ነው። «ተከታታይ ግንኙነት» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ተማሪው ግን ሶፍትዌሩ ላይ የሚያነበው ሌላ ስለሆነ ቶሎ አይለምደውም። «አቀባበል» የሚለው ቃል በአንጻሩ ሥራውን በሚገባ ይገልጸዋል። በወሎ እንግዳ የሚቀበል ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የመጣው ማን እንደሆነ ይለያል፤ ከዚያም ወደ መቀመጫው ይመራዋል። ተቀባዩ ፕሮግራምም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም፤ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ሳይለይ ለማስቀመጥ ሲቸኩል ነው።

ከቴሌግራፍ እስከ አርዱዪኖ

የአሠራሩ ሥር ቴሌግራፍ ነው። በሰከንድ ስንት ቢት እንደሚያልፍ የሚናገረው የፍጥነት መለኪያ «ባውድ» ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ከኤሚል ቦዶ (1845–1903) ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አርኤስ-232 የተባለ መስፈርት በመሣሪያዎች መካከል የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ምልክት ወሰነ፦ የ«1» ቢት ከ3 እስከ 15 ቮልት ባለው ኔጌቲቭ፣ ዜሮ ደግሞ በዚያው መጠን ፖዘቲቭ እንዲገለጽ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ የሲሪያል ካርዱን የሚያስተዳድረው 8250 በተባለ ቺፕ ነበር፤ ይህ ቺፕ ተቀብሎ ማቆየት የሚችለው አንድ ባይት ብቻ ስለነበር ፕሮግራሙ ጥቂት ከዘገየ ቀዳሚው ባይት በተከታዩ ይደመሰስ ነበር። በኋላ የመጣው 16550 የ16 ባይት ማቆያ ይዞ ችግሩን አቃለለው።

በኮምቦልቻ የዚያ ዘመን ሥራ 8051 ማይክሮኮንትሮለር፣ ማክስ232 ቺፕና ባለ ዘጠኝ እግር ሶኬት በአንድ ሰሌዳ ላይ መበየድ ነበር። ማክስ232 ያስፈለገው የኮምፒውተሩ ፖርት የሚያወጣው ቮልት በቀጥታ ቢገናኝ ባለ 5 ቮልቱን ማይክሮኮንትሮለር ስለሚያቃጥለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ በኢቭሪያ ከተማ የተወለደው አርዱዪኖ የተባለ ዝግጁ የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ ሁኔታውን ቀየረው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኡኖ የተባለው ሰሌዳ 16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ማይክሮኮንትሮለርና የዩኤስቢ አስተርጓሚ ቺፕ አንድ ላይ ይዟል። ተማሪው ብየዳውን ትቶ አንድ ገመድ ይሰካል። ብየዳው በመቅረቱ ተማሪው የሚያጣው ነገር አለ የሚሉ አንጋፋ መምህራን አሉ፤ አባባላቸው ሚዛን ይደፋል፤ ነገር ግን በአንድ ሴሚስተር ሴንሰሩን አንብቦ፣ መረጃውን ወደ ላፕቶፕ አምጥቶና በግራፍ አሳይቶ የሚጨርስ የኮምቦልቻ ተማሪ በጣም የበዛው ከዚህ በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ዩኒቨርሲቲው ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል፤ ከዚያ መልስ ትምህርቱ ዳግም ተጀምሯል።

አንድ ባይት በሽቦው ላይ

ጉዳዩን ለመረዳት አንድ ምልክት ከጫፍ እስከ ጫፍ መከታተል ይበቃል። ማይክሮኮንትሮለሩ የ«5» አሃዝን ምልክት ሊልክ ነው እንበል። ለየምልክቱ ቁጥር በሚሰጠው በአስኪ ሠንጠረዥ የዚህ ምልክት ቁጥር 53 ነው፤ በሁለት መደብ ሲጻፍ 00110101 ይሆናል። ሽቦው ሥራ በማይኖርበት ጊዜ «1» ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መላክ ሲጀመር መጀመሪያ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ይህ የመነሻ ቢት ነው። ከዚያ ስምንቱ ቢቶች ከትንሹ ጀምረው ይወጣሉ፦ 1፣ 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 0። በመጨረሻ ሽቦው ወደ አንድ ይመለሳል፤ እሱም የማብቂያ ቢት ይባላል። ስምንት ቢት ለማስተላለፍ ሽቦው በጠቅላላ አሥር ቢት ተሸከመ ማለት ነው።

በ9600 ባውድ አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ አንድ ባይት ከ1 ሚሊሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ነው። በ115200 ባውድ 11,520 ይደርሳል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ 9600ን ለስምንት አካፍለው 1,200 ባይት ይጠብቃሉ፤ የመነሻውንና የማብቂያውን ቢት ረስተዋል።

በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የጋራ ሰዓት የለም። ተቀባዩ የመነሻውን ቢት ሲያይ የራሱን ሰዓት አስነሥቶ በየቢቱ መካከል ያነባል። ሰዓቶቹ ጥቂት ቢለያዩ ልዩነቱ እስከ አሥረኛው ቢት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ከግማሽ ቢት ካለፈ ተቀባዩ የሚያነበው የጎረቤቱን ቢት ነው። ከዚህ በመነሳት የሁለቱ ልዩነት ከ5 በመቶ በታች፣ ለደህንነትም በየበኩላቸው ከ2 በመቶ ብዙም እንዳያልፍ ይመከራል።

የክሪስታሉ ታሪክ

ይህንን ስሌት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከመጽሐፍ ቀድሞ በሥራ ነው የተማረው። የ8051 ሰሌዳ ለመሥራት ያስፈለገው ክሪስታል (የማይክሮኮንትሮለሩን ሰዓት የሚመታው ክፍል) 11.0592 ሜጋኸርዝ ነበር፤ በሱቁ የተገኘው ግን 12 ነው። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ስለታየ 12ቱ ተበየደ። ፕሮግራሙ ተጫነ፤ ኮምፒውተሩም ተቀበለ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ሊነበብ የማይችል የምልክት ክምር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙ ተፈተሸ፤ ሽቦው ተቀያየረ፤ ማክስ232ም ተነቅሎ በሌላ ተተካ።

መልሱ የተገኘው በወረቀት ላይ ነው። 8051 የክሪስታሉን ፍጥነት ለ12፣ ከዚያም ለ32 ያካፍላል። 11,059,200 በዚህ መንገድ ሲካፈል 28,800 ይመጣል፤ ለ3 ሲካፈል ደግሞ ልክ 9600። 12,000,000 ግን 31,250 ይሰጣል፤ ለ3 ሲካፈል 10,416 ገደማ ይሆናል። ከተፈለገው በ8.5 በመቶ ይበልጣል። አሥር ቢት እስኪያልቅ ተቀባዩ አንድ ሙሉ ቢት ያህል ተንሸራትቷል። መፍትሔው ሌላ ክሪስታል ፍለጋ አዲስ አበባ መላክ አልነበረም፤ 31,250ን ለ13 ስናካፍለው 2,403.8 ስለሚመጣ ፍጥነቱን ወደ 2400 ዝቅ ማድረግ በቂ ሆነ። በዚያው ክሪስታል፣ በዚያው ሰሌዳ፣ ጽሑፉ ጥርት ብሎ መጣ።

በአርዱዪኖ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ ይነሳል። የ16 ሜጋኸርዝ ሰዓት 9600ን በ0.2 በመቶ ስህተት ያወጣዋል፤ 115200 ተብሎ ሲታዘዝ ግን በእውነት የሚያወጣው 117,647 ነው፤ ስህተቱም 2.1 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት 115200ን የሚሸሹ አሉ፤ ያለ ችግር ለዓመታት ተጠቅመንበታል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ያየውን ነው፤ ውጤቱ በተቀባዩ ወገን ባለው ቺፕ ላይ ይመሠረታል።

ፖርቱ ሲከፈት የሚሆነው

የዩኤስቢ አስተርጓሚዎቹ ዓይነታቸው ብዙ ነው። በዋናው ኡኖ ላይ ያለው ራሱ ሌላ ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ በገበያ ላይ በብዛት በሚገኙት ርካሽ ሰሌዳዎች ላይ ሲኤች340 የተባለ የቻይና ቺፕ ተቀምጧል፤ ኤፍቲ232ና ሲፒ2102 የተባሉትም ይታያሉ። ለፕሮግራሙ ሁሉም አንድ መልክ አላቸው። በዊንዶውስ ላይ ኮም3 ወይም ኮም5 የመሰለ ስም ይዘው ይወጣሉ። በሊኑክስ ላይ ደግሞ በመሣሪያዎች ማውጫ ሥር ይገኛሉ፤ ተጠቃሚው ዳያልአውት በተባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ ፖርቱን የመክፈት ፈቃድ አያገኝም። ላፕቶፑ ሰሌዳውን ጨርሶ «አላየሁም» ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አለመኖር ነው፤ ቀጥሎ ገመዱ፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠሩ ገመዶች የመረጃ ሽቦ የላቸውም።

ኡኖን የመሰሉ ሰሌዳዎች አንድ ጠባይ አላቸው፦ ኮምፒውተሩ ፖርቱን በከፈተ ቁጥር ሰሌዳው እንደ አዲስ ይነሳል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ሰሌዳው መነሳት አለበት። ለተቀባዩ ግን መዘዝ አለው። ፖርቱን ከፍቶ ወዲያው ትእዛዝ የሚልክ ፕሮግራም ምላሽ አያገኝም፤ ሰሌዳው ገና እየነቃ ነው። ልማዱ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ሰከንድ መጠበቅ፣ በዚያ ጊዜ የተጠራቀመውን መጣል፣ ከዚያ ሥራ መጀመር ነው።

ሽቦው የሚያመጣው ባይት ነው

የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት እዚህ ላይ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ አንድ መስመር ጽፎ ሲልክ ፕሮግራሙ አንድ መስመር ይደርሰኛል ብሎ መጠበቁ የተለመደ ነው፤ ሽቦው ግን መስመር አያውቅም፤ ቃልም ቁጥርም አያውቅም። የሚያልፍበት የባይት ሰልፍ ነው። የመልእክቱን መጀመሪያና መጨረሻ የማወቅ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የተቀባዩ ነው።

ምሳሌው ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የተወሰደ ነው። ኤልኤም35 የተባለው የሙቀት ሴንሰር በየዲግሪው 10 ሚሊቮልት ያወጣል። ኡኖው አንብቦ «24.8» ብሎ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ተቀብሎ በግራፍ ያሳያል። ግራፉ ረጋ ብሎ ሲሄድ ይቆይና በድንገት ወደ 2 ይወርዳል፤ ወዲያው ወደ 4.8 ወጥቶ እንደገና 24.7 ይሆናል። ተማሪው መጀመሪያ ሴንሰሩን ይጠረጥራል፤ ከዚያ የሽቦውን መላላት። ሴንሰሩም ሽቦውም ደህና ናቸው። የሆነው ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ «የመጣ ነገር አለ?» ብሎ በጠየቀ ቅጽበት የደረሰው «2» ብቻ ነበር፤ እሱን እንደ ሙሉ ቁጥር ወሰደ። ቀጥሎ «4.8» መጣ፤ እሱንም እንደ ሌላ ቁጥር ወሰደ። ከክፍሉ ሙቀት የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ሁለት የውሸት ንባብ ሆኑ።

የዩኤስቢ አስተርጓሚዎቹ ነገሩን ያባብሱታል። ባይቶቹን በደረሱበት ቅጽበት አንድ በአንድ አያስረክቡም፤ አጠራቅመው በጥቅል ይሰጣሉ። ኤፍቲ232 ጥቅሉ ካልሞላ እስከ 16 ሚሊሰከንድ ድረስ ይጠብቃል፤ ይህ የፋብሪካው መነሻ ልክ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ግማሽ መስመር፣ አንዳንዴ ሦስት መስመር ተኩል በአንድ ጊዜ ይደርሳል።

ትክክለኛው አቀባበል የሚከተለው ነው። ፕሮግራሙ የመጣለትን ሁሉ፣ ምንም ሳይተረጉም፣ በአንድ ማጠራቀሚያ ጫፍ ላይ ይቀጥላል። በማጠራቀሚያው ውስጥ የመስመር ማብቂያ ምልክት መኖሩን ያያል። ካለ እስከ ምልክቱ ያለውን ቆርጦ ለትርጉም ይሰጣል፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ዙር ያቆያል። ከሌለ ምንም አያደርግም፤ ይጠብቃል። ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን መስመር ይጥላል፤ ከመሃል የተያዘ ሊሆን ይችላልና። አርዱዪኖ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ የሚልከው ሁለት ባይት፣ 13ንና 10ን ስለሆነ፣ በ10 የሚቆርጥ ፕሮግራም 13ን መጥረግ እንዳለበት አይርሳ።

በፓይተን ቋንቋ ፓይሲሪያል የተባለው ስብስብ መስመር የሚያነብ ትእዛዝ ስላለው ብዙዎች ይህን ሥራ ለእሱ ይተዉታል። መልካም ነው። ነገር ግን የጥበቃ ገደብ ተደርጎበት ገደቡ መስመሩ ሳይጠናቀቅ ካለፈ፣ ያ ትእዛዝ በእጁ ያለውን ግማሽ መስመር ልክ እንደ ሙሉ አድርጎ ይመልሳል፤ ስህተት ብሎ አይጮህም። የተመለሰው ጽሑፍ በ10 ባይት ማለቁን ሳያረጋግጥ የሚተረጉም ፕሮግራም ወደ ቀድሞው የ«2» እና የ«4.8» ችግር ተመልሶ ይገባል። አዘጋጁ ባያቸው የተማሪ ሥራዎች ከዚህ የበለጠ የተደጋገመ ስህተት የለም።

«ደሴ» በስድስት ባይት

የእኛ ፊደል ይህንን ጉዳይ ከማንም በላይ ያጎላዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ያንን ቁጥር ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ደሴ» የሚለው ቃል በሽቦው ላይ ሲያልፍ 225፣ 139፣ 176፣ 225፣ 136፣ 180 የሚሉ ስድስት ባይቶች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «ደ»፣ የኋለኞቹ ሦስቱ «ሴ» ናቸው። የ«ሴ» የዩኒኮድ ቁጥር በአሥራ ስድስት መደብ 1234 መሆኑ ለማስታወስ ይመቻል፤ የደሴ ልጅ የሆነ ፕሮግራም ጸሐፊ ይህንን ቁጥር ባየ ቁጥር የከተማውን ስም ግማሽ እያየ ነው።

አሁን ጥቅሉ ከአራተኛው ባይት በኋላ ተቆረጠ እንበል። ፕሮግራሙ አራቱን ተቀብሎ ወዲያው ወደ ፊደል ለመቀየር ቢሞክር «ደ» ይወጣለታል፤ ቀሪው 225 ግን ብቻውን ፊደል አይሆንም፤ ፕሮግራሙ ወይ በስህተት ይቆማል ወይ ባዶ ሳጥን ያሳያል። በላቲን ፊደል ብቻ የሚሠራ ሰው ይህንን ችግር ሳያየው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ አንድ ምልክት አንድ ባይት ስለሆነለት። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል፤ ትምህርቱንም በዚያው ቀን ያገኛል፦ መጀመሪያ ባይቶቹን እስከ መስመሩ መጨረሻ አጠራቅም፣ ከዚያ በኋላ ወደ ፊደል ቀይር። የመስመር ማብቂያው 10 በዩቲኤፍ-8 ውስጥ ከፊደል ባይቶች ጋር ፈጽሞ አይምታታም፤ የፊደሎቻችን ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ ናቸው።

ጽሑፍ ወይስ ጥሬ ባይት

ቁጥርን እንደ ጽሑፍ መላክ ይሻላል ወይስ እንደ ጥሬ ባይት የሚለው በየዓመቱ በፕሮጀክት ግምገማ ላይ የሚነሳ ክርክር ነው። ኡኖ ከሴንሰር የሚያነበው ከ0 እስከ 1023 ነው። በጥሬው ሁለት ባይት ይበቃዋል፤ 1023ን እንደ ጽሑፍ ከነመስመር ማብቂያው መላክ ግን ስድስት ባይት ይፈጃል። የጥሬ ባይት ደጋፊዎች የሚያነሱት ይህንን ቁጠባ ነው።

ቁጠባው ግን ዕዳ አለበት። 266 የሚለው ንባብ በጥሬው 1 እና 10 የሚሉ ሁለት ባይቶች ነው፤ 10 ደግሞ የመስመር ማብቂያ ምልክት ነው። ምልክቱን ፈልጎ የሚቆርጥ ፕሮግራም እዚህ ቁጥሩን ከወገቡ ይቆርጠዋል። ቅደም ተከተሉም ስምምነት ይፈልጋል፤ ያንኑ ሁለት ባይት ገልብጦ ያነበበ ፕሮግራም 2561 ያገኛል፤ ሴንሰሩ ፈጽሞ ሊሰጠው የማይችለውን ቁጥር። ለጀማሪ ያለ ጥርጥር የሚሻለው ጽሑፍ ነው፤ በሲሪያል ሞኒተር ከፍቶ በዓይኑ ያነበዋል። በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ንባብ ለሚፈልግ ሥራ ጥሬ ባይት ይገባል፤ ግን ከመነሻ ምልክት፣ ከርዝመትና ከማረጋገጫ ድምር ጋር።

የማረጋገጫ ድምርን ለመረዳት የጂፒኤስ መቀበያዎችን ማየት ይጠቅማል። ኤንኤምኢኤ የተባለው የተለመደ የመልእክት አጻጻፋቸው በዶላር ምልክት ይጀምራል፤ በኮከብ ምልክትና በሁለት አሃዝ ድምር ያበቃል። ተቀባዩ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያሉትን ባይቶች ኤክስኦር በተባለው የቢት ስሌት እርስ በርስ አጣምሮ ያገኘውን ከተላከው ጋር ያነጻጽራል። ካልገጠመ መልእክቱን ይጥላል። ለተማሪ ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የፕሮግራሙ ወገን

በቋንቋ ምርጫ ረገድ ፓይተን፣ ሲ ሻርፕ፣ ማትላብና ላብቪው ይሠራባቸዋል፤ ቀደም ሲል ቪዥዋል ቤዚክ 6 ነበር። የትኛው ይሻላል የሚለው ከመምህሩ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው።

በሁሉም ቋንቋ የሚያጋጥመው ችግር ግን አንድ ነው፦ ማንበብ መጠበቅን ይጠይቃል፤ የሚጠብቅ ፕሮግራም ደግሞ መስኮቱ ይደርቃል፤ ቁልፍ ቢጫን አይመልስም። ስለዚህ ንባቡ በራሱ የሥራ መስመር (ትሬድ) ይሄዳል፤ የተጠናቀቁትን መልእክቶች በወረፋ ያስቀምጣል፤ መስኮቱ ከወረፋው ይወስዳል። በሲ ሻርፕ መረጃ ሲደርስ የሚጠራው ክፍል የሚሠራው ከመስኮቱ በተለየ የሥራ መስመር ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ጽሑፍ ሳጥን ለመንካት የሞከረ ተማሪ የሚደርሰው የስህተት መልእክት በላቦራቶሪው የታወቀ ነው።

ሌላው ስውር ችግር መዘግየት ነው። ሰሌዳው በሰከንድ አሥር መስመር ይልካል፤ ፕሮግራሙ አንድ መስመር አንብቦ አንድ ሰከንድ ይተኛል። የተቀረው በማቆያው ውስጥ ይከማቻል። ማቆያው 4096 ባይት ቢይዝና እያንዳንዱ መስመር 8 ባይት ቢሆን፣ 512 መስመር ተሰልፎ ይጠብቃል፤ በሰከንድ አንድ ሲወጣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙቀት ከስምንት ደቂቃ ተኩል በፊት የነበረው ነው። ሴንሰሩን በእጅ ይዘው ሲያሞቁት ግራፉ ሳይነቃነቅ መቅረቱ የዚህ ምልክት ነው። መፍትሔው የመጣውን ሁሉ ማንበብና የመጨረሻውን ብቻ ማሳየት ነው።

በፋብሪካ አጠገብ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራው፣ የብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ከኢንስቲትዩቱ ተማሪ ቅርብ ናቸው። የጥጥ ክር በሚፈተልበት አዳራሽ አየሩ ሲደርቅ ክሩ ይበጠሳል፤ እርጥበት መከታተል የዚህ ከተማ ተማሪ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአካባቢው የሚያገኘው ጥያቄ ነው። ለዚህ የሚውለው ዲኤችቲ22 ሴንሰር በየሁለት ሰከንዱ አንድ ንባብ ስለሚሰጥ 9600 ባውድ ይተርፈዋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ነገር ግን በምርት አዳራሽ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። አዘጋጁ በተካፈለበት አንድ ሙከራ ትልቁ ሞተር በተነሳ ቁጥር የሚደርሰው ጽሑፍ ይበላሽ ነበር። ሰሌዳውን ከላፕቶፑ ያገናኘው ተራ ሽቦ ረጅም ነበር፤ ከሞተሩ የኃይል ገመድ ጋርም ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር፣ አርኤስ-232 በተለምዶ ከ15 ሜትር ማለፍ የለበትም። ለፋብሪካ የተፈጠረው አርኤስ-485 ነው፤ ምልክቱን በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ልዩነት ስለሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ ረብሻው ሁለቱንም እኩል ነክቶ ይጣፋል። እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል፤ በአንድ መስመር ላይ 32 መሣሪያዎች ሊቀመጡበት ይችላሉ። ሽቦው ተቀይሮ ከኃይል ገመዱ ከራቀ በኋላ ሞተሩ ሲነሳ የሚበላሽ ነገር አልነበረም፤ የማረጋገጫ ድምሩ ግን ለማንኛውም በቦታው ቀረ።

በፋብሪካ መሣሪያዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሞድባስ ነው። አርቲዩ በተባለው የሞድባስ ዓይነት የመልእክት ወሰን ምልክት ሳይሆን ዝምታ ነው፤ ሦስት ተኩል ምልክት ለማሳለፍ የሚበቃ ጊዜ ሽቦው ዝም ካለ መልእክቱ አልቋል። በ9600 ባውድ ይህ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የዩኤስቢ አስተርጓሚው 16 ሚሊሰከንድ ሲያጠራቅም ይህን ዝምታ ኮምፒውተሩ በትክክል ሊለካው አይችልም። ስለዚህ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጠብቀውን የምላሽ ርዝመት አስቀድሞ ማስላትና መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት የማረጋገጫ ባይቶች መፈተሽ አለበት።

ከደሴ ቁልቁል

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር ያልፋል። የአየር ግፊት በመደበኛው ሠንጠረዥ መሠረት በደሴ ከፍታ 747 ሄክቶፓስካል፣ በኮምቦልቻ ከፍታ 810 ገደማ ነው። ቢኤምፒ180 የተባለ ርካሽ የግፊት ሴንሰር፣ አንድ ኡኖና ላፕቶፕ ይዞ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ሙሉውን ቁልቁለት በቁጥር ሲወጣ ያያል፤ ለተቀባይ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ፈተና አዘጋጁ አላገኘም። የላቦራቶሪ ጠረጴዛ አይንቀጠቀጥም፤ ሚኒባስ ግን ይንቀጠቀጣል።

በመጀመሪያው ጉዞ ቁጥሩ ከ750 ተነስቶ መውጣት ጀመረ፤ መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግራፉ ቆመ። የዩኤስቢው ጫፍ ለአፍታ ላልቶ ተመልሷል። ሰሌዳው መብራቱን እያበራ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ግን የሚጠብቀው በሞተ ፖርት ላይ ነው። ሊኑክስ ገመዱ ሲመለስ የቀድሞው ስም ገና በፕሮግራሙ ተይዞ ስላገኘው ዜሮ የነበረውን ቁጥር አንድ አድርጎ አዲስ ስም ሰጥቶታል። ቀሪው መንገድ ሳይመዘገብ ቀረ።

ለሁለተኛው ጉዞ ፕሮግራሙ ተስተካከለ። ለአምስት ሰከንድ ምንም ካልመጣ ወይም ንባቡ ስህተት ካስነሳ ፖርቱን ይዘጋል፤ ማጠራቀሚያውን ባዶ ያደርጋል፤ ሰሌዳውን በቁጥሩ ሳይሆን በመለያው ፈልጎ እንደገና ይከፍታል፤ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ የመጀመሪያውን መስመር ይጥላል። በዚያ ጉዞ ገመዱ ሦስት ጊዜ ላላ፤ በግራፉ ላይ ሦስት አጫጭር ክፍተቶች ይታያሉ፤ በመካከላቸው መስመሩ ከደሴ ዳገት እስከ ቦርከና ሜዳ ሳይሰበር ይወጣል።